104729

እኔ ከጊንጪ፣ እሱ ከእጃጂ፣ ሁለታችንም የሒሳብ መምህራን ነበርን። በየክረምቱ ለኮርስ አምቦ ስንገባ አንድ ዴስክ ላይ እንቀመጣለን። ሌላው ሻይ ቤት ገብቶ ሲያወራ የእኛ ጨዋታ ቁጥር ነበር። ከአንድና ከራሱ በቀር ምንም ያለ ቀሪ የማያካፍለውን ቁጥር ብቸኛ ቁጥር እንለዋለን። እሱ ሁለት ብቸኛ ቁጥሮች አባዝቶ ብዜቱን ብቻ ይሰጠኛል፤ እኔ እያካፈልኩ ሁለቱን እፈልጋለሁ። ማባዛቱ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ጉዱ መፍታቱ ላይ ነው። ሳገኛቸው ከእኔ በላይ ደስ የሚለው እሱ ነበር። ያ ደስታው እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል።

አንድ ክረምት ኮርሱ አልቆ አምቦ መናኸሪያ ቆምን። የእጃጂው አውቶቡስ ሞተር አስነስቷል። እስክሪብቶ አወጣና ከእኔ ደብቆ የራሱ መዳፍ ላይ በጥድፊያ አባዛ፤ ውጤቱን እኔ መዳፍ ላይ ጻፈው፦ 104729።

«ሁለቱን ስታገኚ አንዱ ያንቺ፣ አንዱ የእኔ ነው» አለኝ። «በሚመጣው ክረምት ንገሪኝና ሽማግሌ እልካለሁ።»

«ካላገኘሁስ?»

«አንቺ ቲቸር? ታገኛለሽ! ነጋቲ!» ብሎ በኦሮምኛ ተሰናበተኝና ሮጦ ተሳፈረ።

ዓመቱን ሙሉ አካፈልኩ። በሦስት፣ በሰባት፣ በአሥራ አንድ፤ ተማሪ እየፈተንኩ፣ ወጥ እየጠበቅኩ። ሁሌ ቀሪ አለው። ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ስደርስ አበቃ፤ ከሁለቱ ትንሹ እስከዚያ መገኘት ነበረበት፤ ሁለቱም ከዚያ ቢበልጡ ብዜታቸው ቁጥሩን ያልፈዋል። እንደገና ከሦስት ጀመርኩ። ያው ነው። ለካ ቁጥሩ ራሱ ብቸኛ ቁጥር ኖሯል! ደሜ ፈላ። የሌለ ነገር ፈልጊ ብሎ ቀልዶብኛል አልኩ፤ እኔ እኮ ሽማግሌዎቹ የሚቀመጡበትን ወንበር ሁሉ በልቤ ደርድሬ ነበር።

ክረምት ሲመጣ ሰላም እንኳ ሳልለው፣ «ቁጥርህ አይከፈልም» አልኩት።

«አይከፈልም?»

«በፍጹም!»

እሱ ደግሞ በገዛ እጁ ያባዛው ነው። ፊቱ ጠቆረ። «እሺ፣ ገብቶኛል» አለና ሌላ ዴስክ ሄዶ ተቀመጠ። እኔም ኮራሁ፤ ምኑ ነው የገባህ ብዬ አልጠየቅኩትም። ቆይቶ ማግባቱን ሰማሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ የቤት ሥራ ሳርም አንዷ ተማሪዬ ስትደምር በእጇ ያልያዘችውን አንድ ቀጣዩ ቤት ላይ ጨምራ አገኘኋት። የቸኮለ ሁሉ የሚሳሳተው ነው። እሱም ያን ቀን መዳፉ ላይ ያባዛው ቸኩሎ ነበር። ከ104729 ከአሥር ቤት አንድ ቀነስኩ፤ ቁጥሩ ሁለት ሳይሆን ሦስት ብቸኛ ቁጥሮች ሆኖ ተበተነ። ከመቶ ቤት ስቀንስ በሰባት ተካፈለ፤ በሰባት ማባዛት ግን በአንድ ረድፍ ያልቃል፣ የሚደመር የለውም። ከሺህ ቤት ቀነስኩ፤ 103729። በአርባ ሰባት ሳካፍለው ምንም ሳይቀር ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሰባት ወጣ። ሁለቱም ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው። አልቀለደብኝም ነበር። እንቢ ያልኩት መስሎት ነው የሄደው። የእርማቱን ወረቀት ወደ ጎን ገፍቼ አለቀስኩ።

አሁን ሄጄ ምን ልለው? ባለትዳር ነው፤ ልጆች አሉት። ጊንጪ መንገድ ዳር ስቆም ግን የአውቶቡሱ ረዳት «እጃጂ! እጃጂ!» እያለ ይመጣል። «ቲቸር፣ ይሄዳሉ?» ይለኛል። አንድም ቀን አልሄድም ብዬው አላውቅም። እዚያው እቆማለሁ፤ ሲሰለቸው በሩን ዘግቶ ይሄዳል።