የወንዝ ዳሯ ከተማ የፈረሰች ጊዜ

ሰሞኑን ጎረቤቴ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሚስማር ሲነቅል ዋለ። ሚስማር ከዛገ ቆርቆሮ ሲላቀቅ የሚያሰማው ሲጢጥታ ቤቴ ድረስ ገባ። መስኮቱን ዘጋሁ፤ ዘግቼም ሰማሁት።

ያደግኩት ከወልቂጤ ወረድ ብላ፣ አሮጌው ድልድይ አፍ ላይ በነበረች ትንሽ ከተማ ነው። አሁን ብትሄድ ከሸምበቆ በቀር የምታገኘው የለም። ያኔ ግን የጭነት መኪኖች ለምሳ ይቆሙባት ነበር፤ የጎመን ክትፎ ሽታ ከናፍጣ ጭስ ጋር ተደባልቆ ደጃችን ድረስ ይመጣል። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ አዲስ መንገድ በላይ በኩል ወጣ፤ ድልድይም እዚያው ተሠራ። ሰዉ ቤቱን እያፈረሰ፣ ቆርቆሮውን በጋሪ እየጫነ ወደ ወልቂጤ ወጣ። አናጢው አባቴ በእጁ የሠራቸውን ቤቶች ራሱ አፈረሳቸው።

አልሄድም ያለችው ሻይ ቤት የነበራት ሴትዮ ብቻ ናት። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ይማር የነበረ ልጇን ወንዙ ወስዶት ሬሳው አልተገኘም። ወንዙ ሲጎድል ይመጣል ትል ነበር።

ሽማግሌዎቹ ተማከሩ። ብቻዋን ብትቀር ጅብ ይበላታል፣ ለራሷ ስንል ነው አሉ። እምድብር ገበያ በሄደችበት ቀን አባቴን ጣሪያዋን እንዲያነሳ አዘዙት። አነሳው።

ስትመለስ ዝናብ ጀምሮ ነበር። ገብታ የረጠበው መደብ ላይ ተቀመጠችና አባቴን ቀና ብላ አየችው።

«ልጄ ሲመጣ ታዲያ የት ይግባ?»

አባቴ ወልቂጤ አምጥቶ ጓሯችን ካለችው ክፍል አስገባት።

በጋ በገባ ቁጥር ከታች የመጣውን ሰው ሁሉ ወንዙ ጎደለ ወይ ትላለች። መጀመሪያ ገና ነው ይሏት ነበር፤ ኋላ ሳቁባት። የሰፈሩ ልጆችም ጨዋታ አደረጉት። አጥሩ ስር ቆመው «እትዬ፣ ወንዙ ጎደለ!» ይሏታል፤ እሷም ሁልጊዜ እውነት ይመስላትና ነጠላዋን እየጎተተች ትወጣለች። አባቴ ልጆቹን አባሮ፣ እጇን ይዞ ይመልሳታል።

አንድ ቀን ጠዋት ተጣርተው አልወጣችም። ደጋግመው ጠሩ። አባቴ ገብቶ ቆየ። ሲወጣ ያባርራቸዋል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን አጥሩን ተደግፎ፣ እኔን ሲያስተኛኝ በሚያወራበት ድምፅ፣

«በቃ ልጆቼ፣ ወደየቤታችሁ ግቡ» አላቸው።