አፍንጫዬን በማከኬ

ሐዋሳ ለመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ስመጣ ከሁሉ የምችለው ነገር መምህራንን አለማስቀየም ነበር። ስለዚህ በሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና መሀል ፈታኙ ወረቀቴን ከእጄ ሲመነጭቀው ተሳስቶ መሰለኝ።

«ለማን ነው የምትጠቁሚው?» አለኝ።

«ምኑን፣ መምህር?»

«አፍንጫ ኤ፣ ጆሮ ቢ፣ አገጭ ሲ፣ ግንባር ዲ። እኛም ተማሪ ነበርን እኮ!»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እንዲህ ያለ መጠቋቆሚያ መኖሩን እኔም ሰምቻለሁ። እኔ ግን አፍንጫዬን ያከክኩት ስላሳከከኝ ነው። ጉንዳን የገባበት ይመስል ከውስጥ፣ እስከ ላንቃዬ ድረስ ይበላኝ ነበር።

«ያሳክከኛል፣ መምህር።»

«እናንተን ደግሞ ፈተና ሲሆን ነው የሚያሳክካችሁ!»

ወረቀቴ ላይ በቀይ ጫር አድርጎ ይዞት ሄደ። የመጀመሪያ ዓመት ውጤት የትምህርት ክፍል የሚመደብበት ነው፤ እኔ ደግሞ ፋርማሲ ለመግባት ነው የለፋሁት። ያ ወረቀት ዜሮ ከሆነ ፋርማሲ ቀረ ማለት ነው።

ማሳከኩ የጀመረኝ ዶርም ከገባሁ ወዲህ ነው። ምክንያቱን የማያውቅ ሰው ግን አላጋጠመኝም። የዶርም ጓደኛዬ ገና ሁለቴ ሳስነጥስ ሰምታ «ሳይነስ ነው» አለች። «እኔም አለብኝ፣ እናቴም አለባት። ንፋስ እንዳይመታሽ!» ብላ የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በፕላስተር ለጠፈችው። መድኃኒት ቤት ሄጄ ስናገር ሻጩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ የሳይነስ ነው ብሎ እንክብል ሰጠኝ። ዋጥኩት። ጨጓራዬን አቃጠለኝ እንጂ አፍንጫዬን አልነካውም። አንድ ሰው እንኳ «መቼ ነው የሚብስብሽ?» ብሎ አልጠየቀኝም።

ወረቀቴ በተወሰደ ማግስት የአንደኛ ዓመት አስተባባሪው ዘንድ ሄድኩ። «የሕክምና ማስረጃ ካለሽ አምጪ» አለኝ። ክሊኒክ ያገኘኋት ጤና መኮንን ፈገግ አለች።

«ማሳከክን በዓይን አላየውም፣ እህቴ። እስቲ ንገሪኝ። ሲብስብሽ ጠዋት ነው ማታ?»

«ጠዋት፣ ከአልጋ ስነሳ።»

«የሚወርደው ቢጫ ነው ወይስ እንደ ውሃ?»

«እንደ ውሃ።»

«ትኩሳትስ? ፊትሽን ያምሻል?»

«አያመኝም። ዓይኔን ግን ያሳክከኛል።»

በባትሪ አፍንጫዬን አየች። ውስጡ አብጦ ገርጥቷል አለችኝ። «ፍራሽሽን ፀሐይ አስመትተሽው ታውቂያለሽ?»

አላስመታሁትም። ከእኛ በፊት ስንት ተማሪ የተኛበት ስፖንጅ ነው፤ ክፍሉም ታሽጓል። የፈተናው ቀን አዳራሹ እንዴት እንደነበር ስትጠይቀኝ ትዝ አለኝ፤ ልክ ልንገባ ስንል ውሃ ሳይረጭበት በደረቁ ተጠርጎ፣ አቧራው ገና አልሰከነም ነበር።

«በይ፣ አለርጂ ነው» አለች። «አቧራ ነው የሚቀሰቅስብሽ። ሳይነስ ቢሆን እንዲህ አያሳክክሽም ነበር። መስኮቱን ክፈቱ።»

ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ይህን ለማወቅ የፈጀው የጥቂት ደቂቃ ጥያቄ ነው። እኔን ለማሳመም ግን ዶርሙ ሁሉ ተባብሮ መስኮት ሲያሽግ ከርሟል። በዚያው ቀን ፕላስተሩን ላጥኩት። ጓደኛዬ «ንፋሱ ቢገድለኝ በአንቺ ነው!» እያለች ፍራሼን አብራኝ አወጣች።

ጤና መኮንኗ የጻፈችልኝን ማስረጃ ለአስተባባሪው ሰጠሁት። አነበበና «ጥሩ» አለ። «አሁን ፈታኙን ይቅርታ ጠይቂና ይዘጋ።»

«ስለ ምን?»

«ትልቅ ሰው ነው፣ ቅር ብሎታል። ሰው ፊት መለስሽለት። በጽሑፍ አድርጊውና ከወረቀትሽ ጋር ይያያዛል።»

ከቢሮው ወጣሁ። ታቦር ክፍለ ከተማ የሚኖር አጎቴን ጠራሁት፤ ዕድሜውን በሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ነው። ኮቱን ለብሶ በባጃጅ መጣና፣ ገና ሳልጨርስ ይመክረኝ ጀመር።

«የኔ ልጅ፣ ይቅርታ በማለት የሞተ የለም። ታላቅሽ ነው፣ ዝቅ በይለት። ምን ይጎድልብሻል?»

«ጋሼ፣ ያላጠፋሁትን?»

«አጥፍተሽ ነው አላልኩሽም። አክብሮት ነው!»

«በጽሑፍ ነው ያሉኝ እኮ።»

አጎቴ የኮቱን ቁልፍ ፈታ፣ መልሶ ቆለፈ።

«በጽሑፍ?»

«ከወረቀቴ ጋር ይያያዛል ብለውኛል።»

«እንዳትሞክሪው!» አለ። «የአፍ ይቅርታ ንፋስ ይወስደዋል። የተጻፈ ግን ከተቀመጠበት እየወጣ ይመሰክርብሻል። በይ፣ አብረን እንግባ።»

አስተባባሪው ፊት ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ጌታዬ፣ የክሊኒኩን ማስረጃ ካልተቀበሉት፣ አልተቀበልኩም ብለው ይጻፉልን» አለ። አስተባባሪው እስክሪብቶውን አነሳ፣ አስቀመጠ። መጻፍ አልፈለገም። እኔን ጻፊ ለማለት ግን እንደዚያ አልከበደውም ነበር! በመጨረሻ ወረቀቱ እንዲታረም አዘዘ።

ታርሞ ሲመጣ አስተባባሪው ራሱ ሰጠኝ። የሠራሁት ሁሉ ማለት ይቻላል ትክክል ነው። ወረቀቱ ሲነጠቅ ያልደረስኩባቸው ጥያቄዎች ግን እንደ ስህተት ተቆጥረዋል። የቀረውን እንድሠራው ብጠይቅ፣ ፈተናው አልፏል ተባልኩ። ፋርማሲ መግባት አለመግባቴን ያን ቀንም አላወቅኩም፤ ምደባው እስካሁን አልወጣም። እኔን ይቅርታ ጠይቂ ያለኝ ብዙ ነው። ፈታኙን እንዲህ ያለው ሰው መኖሩን አልሰማሁም።

«አልፈሻል እኮ» አለኝ አስተባባሪው፣ ፊቴን አይቶ። «ምን ቀረብሽ?»

ወረቀቱን ገልብጬ ሳልደርስበት የተነጠቅኩትን ባዶ ገጽ ፊቱ አስቀመጥኩለት።