እህቴ የበረረችው ማይል

ከቆቦ ልጆች መካከል የእህቴን ያህል ብዙ አገር የረገጠ ያለ አይመስለኝም። ለንደን ሄዳለች፣ ኢስታንቡል ሄዳለች፣ ኩዋላ ላምፑር ሄዳለች። አንዱንም ግን መርጣ አልሄደችም። ጂዳ የምትሠራበት ቤት ሰዎች ሽርሽር በወጡ ቁጥር መንታ ልጆቻቸውን እንድትይዝላቸው ይወስዷታል። እነሱ ከፊት ባለው ሰፊ ወንበር ተዘርግተው ይተኛሉ፣ እሷ ከኋላ አንዱን ታቅፋ ሌላውን ታባብላለች። አገሬን ልይ ብላ ፈቃድ ስትጠይቅ ደግሞ «ለንደንን አይተሽ መጣሽ አይደል?» ይሏታል። ይኸው ቆቦን ካየች ስድስት ዓመት ሆናት።

እናቴ እግሯ እየደከመ ነው። ምኞቷ አንድ ብቻ ነው፤ ለዑምራ መካ ሄዳ፣ እግረ መንገዷን ጂዳ ላይ ልጇን ማየት። እኔ ግን አውቃለሁ፣ በሆዷ የያዘችው ልጇን ነው። ፓስፖርቷ ወጥቶ ሳጥኗ ውስጥ በሻሽ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የጎደለው የአውሮፕላን ትኬቱ ነበር።

ስለ ማይል የነገረችኝ እህቴ ናት። ሰው በአውሮፕላን የሄደበት ርቀት በስሙ ይመዘገብለታል፣ ሲጠራቀም ነፃ ትኬት ይሆናል ብላ አንዲት ጓደኛዋ አጫውታታለች። አየር መንገዶቹ ደግሞ እርስ በርስ ሸሪኮች ስለሆኑ፣ በአንዱ ተሳፍሮ ማይሉን ሌላው ዘንድ ማስመዝገብ ይቻላል።

«ወንድሜ፣ የተማርኸው አንተ ነህ። የትኛው እንደሚያዋጣን እይልኝ» አለችኝ።

የተማርኸው ስትለኝ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ፤ ርቀት ማስላት እንጀራዬ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በእረፍት ሰዓት የመምህራን ክፍል ጥግ ይዤ ስልኬ ላይ አፍጥጬ ከረምሁ። መብራት ሲጠፋ ስልኬ ይዘጋል፣ መብራት ሲመጣ ኔትወርኩ ይሄዳል።

ያነበብሁት ነገር አንጀቴን አሳረረው። ከጂዳ ለንደን ያለው ርቀት፣ ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው፣ ለሁሉም ሰው አንድ ይመስለኝ ነበር። ለካስ አይደለም! ከፊት ተኝቶ ለሄደው ሰውዬ ከነጭማሪው ይቆጠርለታል፤ ከኋላ ሕፃን ስታባብል ለሄደችው እህቴ በአንዱ ሸሪክ ሩቡ፣ በሌላው ጭራሽ ባዶ። ያው አውሮፕላን፣ ያው ሰማይ! ሌላው ደግሞ በደህና ይቆጥርና፣ ቶሎ ካልተጠቀማችሁበት ብሎ መልሶ ይሰርዘዋል። ይህን ደንብ ያወጣ ሰው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ እንደማያውቅ ወላሂ እምላለሁ።

በመጨረሻ ግማሹን የሚቆጥር፣ ማይሉንም ለረጅም ጊዜ የሚያቆይ፣ ከአዲስ አበባ ጂዳም የሚበር አንድ ሸሪክ አገኘሁ። እሱ ዘንድ በእናቴ ስም አካውንት ከፈትሁ።

ለምን በእናቴ ስም? እኛ ያደግነው በወንፈል ነው። ዛሬ ጎረቤቶቻችን ከሮቢት በታች ያለችውን ማሽላችንን ያርሙልናል፣ ነገ እኛ የነሱን። እናቴን ወገቧን ሲያማት እህቴ በእሷ ፈንታ ትወጣ ነበር፤ ቀኑ የሚቆጠረው ግን ለእናቴ ነው። ማን ጎንበስ ብሎ እንዳረመ የጠየቀ ሰው አላየሁም። ታዲያ ልጅ ለእናቷ ብላ ስትበር ማይሉ የማን ሊባል ነው? ቁጥሩን ላክሁላት። እሷም ትኬት ለሚቆርጠው ለአሠሪዋ ጸሐፊ በየጉዞው ሰጠችው። በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጉዞ ሄደች።

አካውንቱ ግን ባዶ ሆኖ ቀረ። ምን ሆነ ብዬ ጻፍሁ። ማይል የሚመዘገበው ለተሳፈረው ሰው ብቻ ነው፣ የእናትዎ ስም ከተሳፋሪዋ ስም ጋር አይመሳሰልም የሚል መልስ መጣልኝ። እሺ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ዋጥሁት። በእህቴ ስም ሌላ አካውንት ከፍቼ፣ የመሳፈሪያ ወረቀቶቿን ፎቶ አስልኬ እንደገና ጻፍሁ።

ያሳበደኝ ሁለተኛው መልስ ነው። አራቱም ጉዞዎች የተሳፈረችበት አየር መንገድ ዘንድ ቀደም ብለው ተመዝግበዋል፣ በቤተሰብ አካውንት ውስጥ። የማን ቤተሰብ? የአሠሪዋ!

ደንቡን ፈልጌ አነበብሁት። የቤተሰቡ ኃላፊ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ወላጆቹን፣ የቤት ሠራተኛውንም ሳይቀር ማስመዝገብ ይችላል። የሁሉም ማይል አንድ ላይ ይጠራቀማል፤ የሚያዝበት እሱ ነው። እንግዲህ ይታያችሁ። ዘጠኝ ወር በሆዷ የተሸከመቻት እናቴ ስሟ አይመሳሰልም ተብላ ተባረረች፣ ሰውዬው ግን ቤተሰብ ነው። እህቴ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከነሱ ጋር ማዕድ ቀርባ አታውቅም። ወጥ ቤት ቆማ ነው የምትበላው። ቤተሰብ የሆነችው አውሮፕላን ላይ ብቻ ነው!

እህቴ ሰውዬውን ጠየቀችው። ሳቀ። «አንቺ እኮ የቤታችን ልጅ ነሽ፣ ምን ልዩነት አለው?» አላት።

ይህን በስልክ ስትነግረኝ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። እኔ ስድብ ልጀምር አፌን ስከፍት ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ስሚኝ ልጄ» አለቻት፣ «ለሰውዬው ንገሪልኝ። ልጄን ለሥራ ነው የላክኋት፣ ለጉዲፈቻ አልሰጠኋትም በይው።»

እህቴ ቃል በቃል ነገረችው። እንዴት እንደደፈረች እስካሁን ይገርመኛል። አንድ ሳምንት አኮረፋት፣ ከዚያ ከቤተሰቡ አካውንት አስወጣት። የተጠራቀመው ግን አይመለስም አለ። በዚያው ወር ማዳሟ፣ የሰውዬው ሚስት፣ የራሷን እናት በማይሉ ነፃ ትኬት አስቆርጣ ካይሮ ላከቻት። የአሮጊቷን ሻንጣ ያሰናዳችው እህቴ ናት።

አሁን የእህቴ ማይል በራሷ ስም ይገባል። ትኬት ለማውጣት ሲሆን ለእናት መስጠት ይፈቀዳል፤ ይህንንም ደንብ አንብቤ፣ ደግሜ አንብቤ ነው ያመንሁት። እስካሁን የተመዘገበላት ግን የአንድ ጉዞ ማይል ግማሹ ብቻ ነው።

እናቴ ማይል ምን እንደሆነ ጠይቃኝ አታውቅም። የምትጠይቀኝ ሌላ ነው። ባለፈው ጁምዓ ሰግዳ እንደጨረሰች ጠርታኝ፣ «አንተ፣ እኔ ልጄን እንዳይ፣ ልጄ የሰው ልጅ አቅፋ ስንት ጊዜ ትብረር?» አለችኝ።

አሥራ አንድ ጊዜ። አስልቼዋለሁ፤ ግን በምን አፌ ልንገራት?