ዜጋ የምትለዋ ቃል

በ1930 ዓ.ም. ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ዕድሜዬን እናቴ ነገረችኝ እንጂ የጻፈው የለም። ጣሊያን ጎንደር ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም የቀረሁ ሰው ነኝ፤ ነገሩን እንዳየሁትና እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ፣ ያሳመርሁት የለም።

ዛሬ የልጅ ልጆቻችን ዜጋ ነን ሲሉ ደረታቸውን ይነፋሉ። መብትም፣ ምርጫም፣ ምክር ቤትም በዚያች ቃል ላይ ነው የቆመው ይሉኛል። ይሁን። በኛ አገር በዚያ ዘመን ግን ዜጋ ማለት ርስት የሌለው ሰው ነበር። በሰው መሬት ይቀመጣል፣ ባለመሬቱን ያገለግላል፣ ሂድ ሲሉት ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። ሁለት ሰው ተጣልቶ አንዱ «አንተ ዜጋ!» ካለ ዱላ ይነሳ ነበር።

በግንቦት ወር፣ የምንገበይበት የትክል ድንጋይ ገበያ በቆመበት ቀን፣ አንድ የጣሊያን ሹም መጣ። ማኪናውን መንገዱ ካለቀበት ትቶ በበቅሎ ነው የደረሰ። አስተርጓሚው ከጎንደር ከተማ ነው፤ ጫማው ያብለጨልጫል፣ ቦርሳ በብብቱ ይዟል። ገበያተኛውን ከዋርካው ጥላ ሰበሰቡን። ሹሙ ብዙ ተናገረ፤ አስተርጓሚው አሳጠረው።

«ከዛሬ ጀምሮ ሁላችሁም የመንግሥት ዜጋ ናችሁ። ነገ ጠዋት እርሻችሁን ልንለካ እንመጣለን፤ ባለቤቱ ቆሞ ድንበሩን ያሳይ።»

ዜጋ ናችሁ ብሎ ሲያበቃ መሬት ልለካ የሚል ሰው ምን እንደሚፈልግ ለኛ ለገበሬዎቹ ግልጽ ነው። የወንዝ ዳሯ እርሻችን ከሰባት አባት የወረደች ናት፤ ከእርሷ ሌላ የምንበላበት የለንም። አባቴ ምርኩዙን ተደግፎ ተነሳ።

«ምነው ልጄ፣ ምን በደልን? እኛ ባለርስት ነን እኮ።»

«አይፍሩ አያ። ዜጋ መሆን ሸጋ ነገር ነው። መንግሥት የሚያውቀው፣ አቤት የሚልበት ያለው ሰው ማለት ነው» አለ አስተርጓሚው።

እኔ አላስቻለኝም። «ሸጋ ከሆነ እሱም ዜጋ ነው?» አልሁት፣ ጣሊያኑን በአገጬ እያመለከትሁ።

«አዎ፣ ያገሩ ዜጋ ነው።»

«እንግዲያው እኩል ነና።»

«እሱማ... የሱ ሌላ ነው፣ የናንተ ሌላ።»

«ቃሉ አንድ አይደለም?»

«በነሱ ቋንቋ ሁለት ነው። ባማርኛ አንድ ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

አንዲት ጌሾ ሻጭ ከኋላ ሆና «ስንዴና እንክርዳድ ባንድ ቁና ሊሰፍርልን ነው!» አለች። ሰው ሳቀ። ጣሊያኑ ምን አሉ ብሎ ጠየቀ መሰለኝ፣ አስተርጓሚው ግንባሩን ጠረገ።

«ሸንጎ የላቸውም?» አልሁ።

«በሮም አላቸው።»

«ከኛ ማን ይገባበታል?»

«ከናንተ የሚገባ የለም።»

«ሳንገባበት በኛ ይፈርዳል?»

ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንተ ሰውዬ፣ አፍህን ያዝ። ለራስህ ነው የምልህ።» ያችን እንኳ ከልቡ ነው ያላት።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ዳገቱ ላይ ቆመ። «አሳያቸውና ይለፍ። ቃል መሬት አያርስም።»

«ቃል መሬት ይነጥቃል አባየ። ዜጋ ሲሉን ዝም ብለን ብናሳይ፣ ኋላ ‹ዜጋነቱን አምኖ አሳየ› ተብሎ ይመሰከርብናል።»

«ባታሳይስ? ቤታችን ቢቃጠል?»

ክንዱን ደግፌ ዳገቱን አወጣሁት።

በማግስቱ ጠዋት በሬዎቼን ጠምጄ፣ ጎረቤቶቼን ለምስክርነት ጠርቼ ከእርሻው ዳር ቆምሁ። ሹሙና አስተርጓሚው ገመድ ይዘው መጡ።

«ድንበሩን አሳያለሁ» አልሁ። «የማሳየው ግን በባለርስትነቴ ነው እንጂ በዜጋነት አይደለም።» መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ተነስቼ እስከ አባቴ ሰባቱን አንድ በአንድ በስማቸው ቆጠርሁ። «ይህን ሁሉ ንገረው።»

አስተርጓሚው ወደ ጣሊያኑ ዞሮ አንዲት ቃል ተናገረ። አንዲት!

«ምን አልኸው?»

«ያልኸውን ነዋ።»

«ሰባት አባት ባንዲት ቃል ይገባል?»

ያች ቃል ምን እንደነበረች እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ወደ ጎረቤቶቼ ዞሬ «እናንተስ ሰማችሁ?» ብል «ሰማን!» አሉ። ያን ጊዜ ጅራፌን አነሳሁ። ‹አምኖ አሳየ› እንዳይባልብኝ በጣቴ አንድም ድንጋይ ሳላመለክት ማረሻዬን ከድንበሩ ድንጋይ ሥር አስገብቼ የእርሻዬን ዳር ዳሩን ዞሬ አረስሁ፤ ጣሊያኑም ገመዱን ይዞ ትልሜን እየረገጠ ከኋላዬ ተከተለኝ።