ወጌሻው ያሰረው የአባቴ እጅ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሶስና ከባጃጅ ወድቃ ክንዷን ሰበረች። ጀሶ ተደርጎላት ከሆስፒታል ስንመለስ ጎረቤቱ ሁሉ ቤታችንን ሞላው፤ አንዷ ሙዝ፣ አንዷ ለስላሳ፣ ሁሉም ደግሞ የየራሱን ምክር ይዞ። «ጀሶ ምን ያደርግላታል? ወጌሻ ነበር የሚሻላት» ያለችም አልጠፋችም። አባቴ ከሁሉም ዘግይቶ ከዘራውን እያንኳኳ ገባ። ማንንም ሰላም ሳይል ልጅቷ አጠገብ ተቀመጠና ከጀሶው ብቅ ያሉትን ጣቶቿን ያዘ። የአውራ ጣቷን ጥፍር ተጫነ፣ ለቀቀ፣ አጎንብሶ አየ። ቀጥሎ ሌባ ጣቷን። ጎረቤቶቼ «እርጅና ነው» በሚል ዓይን ተያዩ። እኔ ፊቴን እንዳያዩብኝ ወደ ጓዳ ገባሁ።

የአባቴ እጅ የተሰበረ ጊዜ አስራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ አይሱዙ ይነዳ ነበር፤ ከሻሸመኔ ድንች ጭኖ አዳማ ያራግፋል። የፋሲካ ዕረፍት ላይ እናቴን ለምኜ አብሬው ሄድኩ። ስንመለስ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከላንጋኖ ወዲህ ያለው ሜዳ ደርቆ፣ ግራሩ በአቧራ ነጥቶ ነበር። አባቴ በግራው መሪውን ይዞ በቀኙ ከጭኔ ላይ ቆሎ እየዘገነ ያወጋኛል። በጨዋታ አይታማም፤ እቤት ዝም የሚለው ሰውዬ መኪና ውስጥ ሌላ ሰው ነበር።

ቡልቡላ ልንገባ ስንል ውሃ ፍለጋ የወረደ የከብት መንጋ አስፋልቱን ሞላው። አባቴ መሪውን ጠመዘዘ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ድንቹ ጋቢናው ላይ እንደ በረዶ ሲወርድ ነው። መኪናው በጎኑ ተኝቷል። በሩ ጥግ የነበረው ረዳቱ ምንም አልሆነም፤ እኔም ከንፈሬ ከመሰንጠቁ በቀር ደህና ነበርኩ። የአባቴ ቀኝ ክንድ ግን መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፎ ነበር።

የቡልቡላ ሰው እየሮጠ መጣ። «አብሺር! አይዞሽ!» እያሉ አንዲት እናት ፊቴን አጠቡኝ፤ ወንዶቹ አባቴን ጎትተው አወጡት። እኔ «ሆስፒታል ውሰዱልኝ» እያልኩ አለቅሳለሁ። አባቴ ግን ሆስፒታል የሚለውን ሲሰማ ከህመሙ በላይ ደነገጠ።

«እዚያ ከገባሁ ይቆርጡታል» አለኝ። «ማርሽ የምቀይረው በየትኛው ነው? ሹፌር ያለ ቀኝ እጁ ምን ይሆናል፣ የሺ?»

አንድ የሥራ ባልደረባው ገብቶ ያለ እጁ መውጣቱን አውቃለሁ። እኔም ሆስፒታል ማለቴን ተውኩ።

ኦቦ ገመቹ ወደሚባሉ ወጌሻ ወሰዱን። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሽማግሌ ናቸው። ክንዱን በቅቤ አሹት፤ ከዚያ ድንገት ሳቡት። አጥንቱ ሲገጥም ድምፁን ሰማሁት። የሸንበቆ ፍላጭ ዙሪያውን ደረደሩና ማሰሪያ ሲጠይቁ ነጠላዬን ሰጠኋቸው። እየቀደዱ ከክርን እስከ አንጓ ጠፍረው አሰሩት።

«እኔ ያሰርኩትን የምፈታው እኔ ነኝ» አሉት። «ሌላ እጅ ከነካው አጥንቱ ይሸሻል። ሳምንት ተመለስ።»

አባቴ በማርያም ምሎ ቃል ገባ። ረዳቱ ጭነቱን ሊጠብቅ ቀረ፤ እኛ ወደ አዳማ የሚሄድ ሚኒባስ አገኘን።

እስከ ዝዋይ አባቴ ጥርሱን ነክሶ አላበው። መቂ ስንደርስ ግን ፊቱ ፈታ አለ። «ተመስገን፣ ህመሙ ጠፋ» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ደስ አለው። ከኋላ የተቀመጡ ሴትዮ «እጃቸው ይባረክ» ብለው ኦቦ ገመቹን መረቁ። እኔም ልደሰት ስል ጣቶቹን አየሁ። አብጠው ተወጥረዋል፤ ጥፍሮቹ ጠቁረዋል። ነካሁት። ሁላችንም በላብ በምንታጠብበት መኪና ውስጥ የአባቴ እጅ ብቻ ቀዝቃዛ ነበር።

«አባዬ፣ ስነካህ ይሰማሃል?»

«ነክተሽኛል እንዴ?» አለኝ።

ልጆች ሆነን ጣታችን ላይ ክር እየጠመጠምን ሲጠቁር እንስቅ ነበር። እናቴ ታዲያ ባየች ቁጥር «ይወድቃል!» እያለች ክሩን ትበጥሰዋለች። ሌላ እውቀት አልነበረኝም። በዚያ ቅጽበት የመጣልኝ ያ ክር ነው።

«ሹፌር፣ እባክህ ክሊኒክ ጋ አቁምልኝ!» አልኩ። ሹፌሩ በመስታወት አባቴን አየው። አባቴ «ንዳው ዝም ብለህ፣ ልጅ ናት፣ ደንግጣ ነው» አለው። ሹፌርና ሹፌር ይግባባሉ፤ ነዳው። «ማሰሪያውን ላላላልህ» ስለው አባቴ እጁን ወደ ደረቱ አሸሸ። ቃል ገብቷል፤ በዚያ ላይ ተሽሎታል። ማን ይሰማኛል?

ዓለም ጤና ላይ ሰው ለማውረድ ቆምን። ሀብሐብ የምትሸጥ ልጅ በመስኮቱ ቢላዋዋን ይዛ ብቅ አለች። ሁለት ቁራጭ ገዝቼ አንዱን ለአባቴ በግራ እጁ አስያዝኩት። ከዚያ ቢላዋውን ከልጅቷ እጅ ወሰድኩ። ስለቱን ወደ ላይ አድርጌ ከነጠላዬ ቋጠሮ ስር ሰደድኩት፤ ቆረጥኩ፤ ቀጣዩንም ቆረጥኩ። «ደም! ደም!» ብሎ አንድ ሰው ጮኸ። የሀብሐቡ ውሃ ነበር።

ከዚያ ግን አባቴ ጮኸ። ህመሙ ተመልሶ መጣ፤ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። አባቴ ሰድቦኝ የማያውቀውን ስድብ ሁሉ ሰደበኝ። ሴትዮዋ «አንቺ ልጅ፣ አባትሽን በቁሙ ገደልሽው!» አሉኝ። አንድም ሰው ከእኔ ጋር አልነበረም። ክንዱን ጭኔ ላይ አስተኝቼ ሸንበቆውን በሁለት እጄ ደግፌ ያዝኩ። አባቴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ቆቃን አለፍን፤ ሞጆ የከባድ መኪና ሰልፍ ያዘን፤ የቆዳ ፋብሪካው ሽታ መኪናውን ሞላው። ጣቶቹ አሁንም ጥቁር ናቸው። አጥንቱ በእኔ እጅ ሸሽቶ ይሆን? እግዚአብሔርን አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት፦ አባቴ መንዳት እንዲችል።

አዳማ ሆስፒታል አንዲት ነርስ የአውራ ጣቱን ጥፍር ተጫነችና ለቀቀች። ነጭ ሆኖ ቀረ። ጠበቀች፤ እኔም ትንፋሼን ይዤ ጠበቅኩ። ከጥፍሩ ስር ቀስ ብሎ ቀይ መጣ። ሐኪሙ የተቆረጠውን ነጠላዬን አንስቶ፣ ቀና ሳይል፣ ቆጣ ባለ ድምፅ «ይሄን የፈታው ማነው?» አለ።

ከዓለም ጤና ጀምሮ ያላየኝ አባቴ ቀድሞኝ «እኔ ነኝ» አለ። «ልጅቷን አትናገሯት፤ እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው እጅዎን አትርፈዋል» አለ ሐኪሙ። «ያቀናው ሰው አዋቂ ነው፤ አጥንቱ ቦታው ነው። ማሰሪያው ግን ደሙን ዘግቶት ነበር። እዚህ እስኪደርሱ ቢቆይ ኖሮ እንቆርጠው ነበር።»

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ነዳ። ታሪኩንም በየለቅሶውና በየሰርጉ ተናገረ፤ በግራ እጁ ቢላዋ አንስቶ ማሰሪያውን ራሱ እንደበጠሰው። ለእኔ ብሎ የጀመራትን ውሸት እንዴት እንደሚመልሳት ጠፋው መሰለኝ። አልዋሽም፣ ቅር ይለኝ ነበር። ግን ያን ቀን ሐኪሙ የሚቆጣኝ መስሎት ቁጣውን በእኔ ፈንታ እንደተቀበለ ሳስብ፣ ደግሞ ይለቀኛል።

ጓዳ ቆሜ ሶስና ስትጠይቀው ሰማሁ። «አባባ፣ ጥፍሬን ምን እያየኸው ነው?»

«ደምሽ መመለሱን።»

«ማን አስተማረህ?»

ጎረቤቱ ሁሉ ታሪኩን በቃሉ ያውቀዋል።

«ነርሷ ናት ያሳየችን» አለ አባቴ። «ከሷ በፊት ግን ያወቀችው እናትሽ ናት። ማሰሪያውን የቆረጠችውም እሷ ናት። እኔማ እየተሳደብኩ ነበር።»

ወጥቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ያን ቀኝ እጁን ያዝኩና የአውራ ጣቱን ጥፍር ተጫንኩት።

«ተመለሰ?» አለኝ።

«ተመልሷል፣ አባዬ» አልኩት።