ሳይዘለሉ የተሰሙ ሦስት አልበሞች

እኔና ታላቅ ወንድሜ በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ ተገናኝተን የዓመቱን ሦስት ምርጥ አልበሞች እንመርጣለን። ማንም አላዘዘንም፣ ማንም አይጠይቀንም፤ እኛው ጀምረነው እኛው የምንጨቃጨቅበት ነገር ነው። የጀመርነው ልጆች ሳለን፣ አዲስ አበባ መሃል በቀበሌ ቤት ስንኖር ነበር። አባታችን አንድ ቴፕ ነበረው። ካሴቱ ይበላሻል ብሎ ስለሚሰጋ ወደፊት ማጠንጠን ክልክል ነበር፤ ስለዚህ የወደድነውንም የጠላነውንም ዘፈን እስኪያልቅ ቁጭ ብለን እንሰማለን። ደንባችን ከዚያ የመጣ ነው። ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው፣ ሳይዘለልና ሳይቋረጥ፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ያልተሰማ አልበም ለምርጫ አይቀርብም።

የቀበሌው ቤት ሲፈርስ ወንድሜ ሱሉልታ ቤት ሠራ፣ እኔ ቡራዩ ተከራየሁ። ሥራዬ ደግሞ ሰበታ ነው፤ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የስንዴ ጥራት እመረምራለሁ። ካርታ ላይ ሲያዩዋቸው ሦስቱ ከተሞች ጎረቤታሞች ይመስላሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ግን አዲስ አበባ ገብቶ መውጣት ግድ ነው። ከቀኔ አራቱ ሰዓት መንገድ ላይ ያልቃል። ይህን የሰማ ሁሉ፣ ታዲያ ሙዚቃ ለመስማት ታድለሻል ይለኛል። እንዲህ የሚለኝን ሰው አንድ ሳምንት ሰርቪሳችን ላይ ባሳፈርኩት።

ባለፈው ዓመት በጣም የጠበቅሁት አልበም ለብዙ ጊዜ ጠፍቶ የከረመ የአንድ አንጋፋ ድምፃዊ ነበር። በወጣ ዕለት በስልኬ ላወርደው ተቀመጥኩ። መብራት ሲኖር ኔትወርክ የለም፣ ኔትወርክ ሲመጣ የስልኬ ባትሪ አልቋል። ሦስት ቀን ታግዬ ስድስት ዘፈን ብቻ አወረድኩ። በአራተኛው ቀን ጧት ጦር ኃይሎች ሰርቪስ ስሳፈር ሹፌሩ ሙሉውን አልበም በፍላሽ ይዞ መጥቷል። ደስ አለኝ። ደስታዬ አየር ጤና እንኳ አልደረሰም።

የመኪናው ቴፕ ዘፈኖቹን ዘፋኙ በደረደራቸው ቅደም ተከተል ሳይሆን በፊደል ተራ ነበር የሚያጫውታቸው። ሹፌሩ ደግሞ ቀዝቀዝ ያለ ዘፈን ሲመጣ ጣቱን ይልካል፣ ያልፈዋል። አንድ ቀን ከኋላው ተቀምጬ፣ ሰውየው በስንት ድካም ያወጣውን እባክህ አትዝለልብን አልኩት። በመስታወቱ እያየኝ፣ «እህቴ፣ እኔ የተነሣሁት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እሱ ሲያንጎራጉር እኔ እተኛለሁ። አርባ ሰው ነው የጫንኩት» አለኝ።

በኋላ ግን ተስማማን። ማታ ስንመለስ ዓለም ገና ላይ መንገዱ ስለሚዘጋጋ መኪናው ከመቆም አይተናነስም፤ ቀዝቃዛዎቹ የሚሰሙት ያን ጊዜ ይሁን ተባለ። እንዲህ እየሆነ አልበሙን አሥር ጊዜም አሥራ አምስት ጊዜም ሰማሁት። በፊደል ተራ የመጨረሻ የሚሆነው ስለ እናቱ ባዶ ወንበር የዘፈነው ነበር፤ እሱ ሲጀምር የሰርቪሱ ሰው ወሬውን ያቆማል። አንድ የዕረፍት ቀን ግን ከሥራ ባልደረባዬ ስልክ ላይ ሙሉውን ገልብጬ ዘፋኙ እንዳወጣው በቅደም ተከተል ሦስቴ ሰማሁት። የወንበሩ ዘፈን ሦስተኛ ላይ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የሠርግ ጭፈራ ይመጣል። ያን ሁሉ ዓመት ቆይቶ ሲመጣ እንዲህ ይደረደራል? የሹፌሩ ፍላሽ የተሻለ አውቋል ብዬ ተናደድኩ። ለማንኛውም ደንቡን አሟልቷል፣ መዘገብኩት።

ሁለተኛው የአንዲት ወጣት ዘፋኝ የኦሮምኛ አልበም ነው። የእኔ ኦሮምኛ ከሰላምታና ከገበያ ብዙም አያልፍም። ድምፅዋ ግን ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ ያዘኝ። እሑድ ከሰዓት ቤቴን ዘግቼ ልሰማው ተቀመጥኩ። አራተኛው ዘፈን ላይ በሬ ተንኳኳ። አከራዬ ናቸው። ግቢው ውስጥ ሁላችንም ኦቦ ብለን ነው የምንጠራቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ድሮ ወደ ገፈርሳ የሚወስደው ሜዳ ላይ ብዙ ከብት የነበራቸው ሰው ናቸው። ዛሬ ከብቱ የለም፤ ግጦሹም ቤት ሆኗል። አካም ቡልቴ፣ እንዴት ዋልሽ አሉኝ፤ ናጋ አልኩና ድምፁን ለመቀነስ ስነሣ እጃቸውን አወናጨፉ። የመጡት ልጅቷ የማን ልጅ እንደሆነች ሊጠይቁኝ ነው። አላውቅም አልኳቸው። የየት አገር ልጅ ናት? እሱንም አላውቅም። እንዴት ሰው ሳያውቁ ይሰማሉ ብለው ተገርመው ቆሙ፤ በዚህ መሃል ዘፈኑ አለቀ፣ ቀጣዩም ተጋመሰ። እንደገና መጀመር ግድ ሆነ።

በሚቀጥለው እሑድም መጡ። ከዚያ በኋላ ሳያሰልሱ ይመጡ ጀመር፤ ሁሌ አራተኛው ዘፈን ላይ፤ በርጩማቸውን ይዘው። መጥተው ዝም ቢሉ ደግ ነበር። አብረው ያዜማሉ፣ መሃል ላይ ያስቆሙኛል፣ ግጥሙን ያርማሉ። አንድ ቀን እንግዲህ አንዴ ከተቋረጠ ብዬ፣ አዝማቹ ላይ ደጋግማ የምትለውን አንድ ቃል ትርጉም ጠየቅኋቸው። አማርኛ የለውም አሉኝ። አጥብቄ ስጠይቅ፣ እንግዲያው ናፍቆት በይው አሉ። በሳምንቱ ደግሞ፣ የለም ናፍቆት አይደለም፣ ጥሪ ነው አሉ። በሦስተኛው እሑድ በርጩማቸው ላይ ሳይቀመጡ ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ነገሩኝ።

«ከብት ማታ ሲገባ ላሟ ገና ከሩቅ ጥጃዋን የምትጠራበት ድምፅ አለ። ጥጃውም ከማደሪያው ይመልሳል። እሱን ነው የምትለው።» ከዚያ ክፍሌን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ «ጥጆቹ የሚያድሩት እዚህ ነበር፤ አልጋሽ ያለበት ጋ» አሉኝ።

ዘፈኑ እንደቀጠለ ነበር፤ እሳቸውም ያን ቀን አላቋረጡም። እስከ መጨረሻው ቆመው ሰምተው፣ በርጩማቸውን አንሥተው ሄዱ። አልበሙን መጀመሪያ ሙሉውን የሰማሁት ያን ዕለት ነው። ሁለቱን ቀሪ ለማሟላት ግን ረቡዕ ሐሙስ እያልኩ ከእሳቸው ተደብቄ መስማት ነበረብኝ።

ሦስተኛውን አልመረጥኩትም፤ እሱ ነው የመረጠኝ ብል ይሻላል። ከግድግዳዬ ወዲያ ያለውን ክፍል የተከራየው ከወላይታ የመጣ ግንበኛ ነው፤ ጸባዩ እንከን የለውም። ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ኮርኒስ ግን ስለሌለን ድምፅ በቆርቆሮው ሥር እየተሻገረ ይመጣል። ይህ ሰው በየቀኑ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ለመሄድ ሲዘጋጅ አንድ የመዝሙር አልበም ይከፍታል። በወላይትኛ ነው፤ አንዲት ቃል አይገባኝም። ዘማሪው ደረቱን ነፍቶ የሚዘምር ባለ ትልቅ ድምፅ ሲሆን ከኋላው መዘምራን ይቀበሉታል፤ ኪቦርዱ ደግሞ ለጉድ ነው። አንድ ወር ታገሥኩ። ከዚያ በሩን አንኳኩቼ ነገርኩት። በጣም አፍሮ ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ከማግስቱ ጀምሮ ድምፁን ቀነሰ። ይህ ባሰ። ሲጮህ ጆሮዬን በትራስ ሸፍኜ እተኛ ነበር፤ ሲቀንስ ግን ሳላስበው ጆሮዬን አቁሜ ቀጣዩን መጠበቅ ጀመርኩ። አንድ ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ ስንዴ እየመዘንኩ የመዘምራኑን ክፍል ሳንጎራጉር ባልደረባዬ መቼ ጌታን ተቀበልሽ ብላ ጠየቀችኝ። ግንበኛው በዚህ መሃል ወድጄዋለሁ ብሎ ስላሰበ ሳልጠይቀው አልበሙን በብሉቱዝ ላከልኝ።

ዓመቱን ሙሉ ከወንድሜ ጋር በስልክ እናወራ ነበር። ይህን ሰማህ? እየሰማሁ ነው ይለኛል። የትኛውን ዘፈን ትወዳለህ? ሁለተኛው። የዚያኛውስ አልበም? የእሱም ሁለተኛው። የሁሉም አልበም ሁለተኛው ዘፈን እንዴት ጥሩ ይሆናል እያልኩ እበሽቃለሁ፤ እሱ እሺ እሺ ብሎ ይዘጋዋል። ክሬሸር ላይ ነው የሚሠራው፣ ድንጋይ መፍጫ ማሽን ያንቀሳቅሳል፤ ደክሞት ነው ብዬ አልፈዋለሁ።

ጳጉሜን ሲገባ ከአዲሱ ገበያ ሚኒባስ ይዤ ሱሉልታ ወጣሁ። ሲያካፋ ስለዋለ ከአስፋልቱ እስከ ቤቱ ጭቃውን እያቋረጥኩ ደረስኩ። ምሳ በልተን ደብተራችንን አወጣን። ቀድሞ እሱ አነበበ። አንደኛ ያደረገው የአንጋፋውን ድምፃዊ አልበም ነበር። ለምን እንደመረጠው ሲያስረዳ፣ በተለይ የመጨረሻው፣ የባዶው ወንበር ዘፈን እንባ ያመጣል አለ።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ያ ዘፈን የመጨረሻ የሚሆነው እኛ ሰርቪስ ላይ ብቻ ነው። በስልክ የነገርኩትን ነው መልሶ የሚነግረኝ። ደሜ ፈላ። እኔ ከሹፌርና ከአከራይ ጋር እየተደራደርኩ፣ ንጋት ከእንቅልፌ እየተቀሰቀስኩ የሰማሁትን እሱ ቁጭ ብሎ ከእኔ ገልብጧል። አልሰማህም አልኩት። ሰምቻለሁ አለ። የመጨረሻው ዘፈን ሌላ ነው፤ እስቲ ምን እንደሚል ንገረኝ አልኩት። ደብተሩን ማገላበጥ ጀመረ።

ሚስቱ ሳህን እያነሣች ነበር። ቆም ብላ፣ «ንገራት እንጂ። እስከ መቼ ነው?» አለችው፤ ጮክ ብላ ነው ያለችው።

ወንድሜ ወደ እኔ አላየም። «ቀኝ ጆሮዬ ከሄደ ዓመት አልፎታል። ግራውም ቢሆን ቀጫጭኑን ድምፅ አይዝልኝም። ከበሮው ይመጣል፣ ማሲንቆውና ክራሩ የሉም። ዘፈን ከፍቼ ሁለተኛው ላይ ስደርስ ይደክመኝና አጠፋዋለሁ።»

ለምን አልነገርከኝም አልኩት። ምርጫውን ትተዪዋለሽ ብዬ ነው አለኝ። ማዘን ነበረብኝ፤ እኔ ግን መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ስንት ዓመት ክሬሸር ላይ ጨርቅ ጆሮው ውስጥ ወትፎ ሲሠራ፣ ደህና መሸፈኛ ጠይቅ ብዬ ስንቴ ለምኜዋለሁ። እሱንም አልኩት፤ ሌላም ሌላም አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ምን ያህሉን እንደሰማ እንጃ። ሲያልቅልኝ ወንበሬን ስቤ በግራው በኩል ተቀመጥኩ።

ስልኬን ከሚስቱ ስፒከር ጋር አገናኝቼ ያመጣኋቸውን በየተራ ከፈትኩለት። የአንጋፋውን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ ግርግር ብቻ ነው አለ። የልጅቷ ድምፅ እየመጣ ይጠፋበታል። ተስፋ ቆርጬ የግንበኛውን መዝሙር ከፈትኩ። ወንድሜ ቀና አለ። ያ ሰውዬ ደረቱን ነፍቶ ሲያነሣው፣ መዘምራኑ ሲቀበሉት፣ ወንድሜ ከምቱ ጋር እጁን ጉልበቱ ላይ ያሳርፍ ጀመር። አሥራ አንዱንም መዝሙር ከቦታው ሳይነሣ ሰማ። ሲያልቅ አንደኛ ይህ ነው አለ።

አይሆንም አልኩት። ሌሎቹን በወጉ አልሰማሃቸውም፣ በምን ታወዳድራለህ? ደንቡን መልሶ ለእኔው አነበበልኝ፤ ዓመቱን ሙሉ ሳይዘል የሰማው አልበም ይህ ብቻ ነው። ገና አንዴ ነው የሰማኸው ስለው፣ እንግዲያውስ ድገሚው አለኝ። ሁለት ጊዜ ደገምኩለት። በሦስተኛው ዙር ሚስቱ ነጠላዋን አንሥታ ወደ ጎረቤት ሄደች። ደብተሩ ላይ አንደኛ የወላይትኛው መዝሙር፣ ሁለተኛ የኦሮምኛው አልበም፣ ሦስተኛ የአንጋፋው ተብሎ ተጻፈ። እኔ በዚህ ቅደም ተከተል ዛሬም አልስማማም።

መስከረም ላይ እያመናጨቅሁ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሟ ቀኙ እንደማይመለስ፣ ግራው ግን በመስሚያ መሣሪያ ሊታገዝ እንደሚችል ነገረችን፤ ከማሽኑም እንዲርቅ አዘዘችው። መሥሪያ ቤቱ ወደ በር ጥበቃ አዛወረው። መሣሪያውን ካደረገ ወዲህ ምሬቱ ሌላ ነው፤ የማንኪያ ድምፅ ሚስማር ሆነብኝ፣ ዘፋኝ ሁሉ በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን ይመስላል ይላል። አውልቆ የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። እኔም ስደውልለት የምጀምረው አድርገኸዋል ወይ ብዬ ነው። አድርጌያለሁ ይላል፣ መሣሪያው ከኪሱ ሲያፏጭ ግን እሰማዋለሁ።

ሚስቱ ግን ባለፈው ስንገናኝ ቤት ውስጥ መጮህ እንዳቆመች ነገረችኝ። ዓመት ሙሉ ምሳ ቀርቧል ለማለት እንኳ ስትጮህ የሰሙ ጎረቤቶች ባልና ሚስቱ ተጣልተዋል ብለው ሽማግሌ ሊልኩባቸው ተመካክረው ነበር። ሰሞኑን አንደኛዋ ጎረቤት አግኝታት፣ እግዚአብሔር ይመስገን ታረቃችሁ አለቻት። እሷም ማስረዳቱ ሰልችቷት፣ አዎ ታርቀናል ብላ አለፈቻት።