ጥርሴ እና የእናቷ ካሜራ

በሥራ ቦታዋ ሁሉም «ጥርሴ» ይሏታል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ስትሠራ የምትውል ሴት ሌላ ምን ትባል? ጄሶ ትበጠብጣለች፣ ሰም ታቀልጣለች፣ ለማታውቀው ሰው ፈገግታ ታስተካክላለች። የገዛ እናቷ አፍ ግን አልሆንላት አለ። እናትየው ታመው ከተነሱ ወዲህ ቃል አልወጣቸውም። ቀስ ብለው ይራመዳሉ፣ ራሳቸው ይጎርሳሉ፤ የሄደው ንግግሩ ብቻ ነው። ሐኪሙ «ሊመለስም ላይመለስም ይችላል» ብሎ ነበር። ይህንንማ ሐኪም ሳይሆኑም መናገር ይቻላል።

በዚህ መሃል ሌላ ከተማ ያለ ትልቅ የጥርስ ላብራቶሪ በኃላፊነት ነይልን አላት። ስትመኘው የኖረችው ሥራ ነው። እንቅልፍ የነሳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቷ ቢወድቁ ማንን ይጠራሉ? ስልክ ደውሎ ዝም ለሚል ሰው ማን ይደርስለታል? የእናቷን ክፍል ከሩቅ ሆና ማየት ከቻለች ትሄዳለች፤ ካልቻለች ትቀራለች።

ኢንተርኔቱን ኮሪደር ላይ ከተሰቀለ አንድ ራውተር ከጎረቤቷ ጋር ይጋሩታል። ጎረቤትየዋ ሕፃኗን የምታይበት ካሜራ ስለነበራት ጥርሴም ያንኑ ዓይነት ገዝታ እናቷ ክፍል ሰቀለች። እሑድ ከሰዓት በርጩማ ስባ ራውተሩ ሥር ተቀመጠች። ራውተር ማለት ግትር ዘበኛ ነው፤ ከውጭ የመጣውን ሁሉ ከደጅ ይመልሳል። «በዚህ ቁጥር የሚያንኳኳውን ወደ እናቴ ካሜራ አሳልፈው» ብሎ የሚያዘው ይፈልጋል፤ ይህንን ነው ፖርት ፎርዋርዲንግ የሚሉት። መመሪያው የካሜራውን አድራሻ አስቀድመሽ ቋሚ አድርጊ ይል ነበር። እሷ ግን መጨረሻውን ለማየት ቸኩላ ዘለለችው። የይለፍ ቃሉንም ከፋብሪካ እንደመጣ ተወችው፤ የጎረቤቷም እንደዚያው ነው። በስልኳ ዳታ ስትሞክረው የእናቷ አልጋ ቁልጭ ብሎ መጣ። በደስታ እናቷን አቅፋ ሳመቻቸው። እናትየው አልሳቁም።

በማግሥቱ መብራት ጠፍቶ መጣ። ራውተሩ እንደ አዲስ ሲነሳ አድራሻዎቹን መልሶ አደለና የእናትየውን ካሜራ አድራሻ ለሕፃኑ ካሜራ ሰጠው። ዘበኛው የታዘዘውን ቁጥር እንጂ ፊት አይለይም። ጥርሴ ጄሶዋን በጥብጣ፣ ቅርጹ ላይ ከማፍሰሷ በፊት እናቴን አንዴ ልያት ብላ ስልኳን ከፈተች። የመጣው የጎረቤቷ ክፍል ነው። ጎረቤትየዋ ልብስ ትተኩሳለች፤ የጥርሴ እናት ሕፃኑን ታቅፈው ተቀምጠዋል። የሰው ጓዳ ማየቱ አሳፍሯት ልትዘጋው ስትል እናቷ ሕፃኑን «እሽሩሩ» አሉት።

ጥርሴ ክው አለች። ጆሮዋን አላመነችም፤ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች።

«እስከ መቼ ነው ከልጅዎ የሚደብቁት?» አለች ጎረቤትየዋ፣ ዓይኗን ከካውያው ሳታነሳ።

«እሷ እኮ የምትጠብቀው እስክድን ነው» አሉ እናትየው። «የዳንኩ ዕለት ትሄዳለች። አሁን ደግሞ ይኼን ካሜራ አመጣች፤ ዝም ማለቴም አላዋጣኝ።»

ቃላቸው አልተንተባተበም፣ አልተኮላተፈም። ጥርሴን መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነበር፤ እናቷ ይናገራሉ! ከዚያ ንዴቱ መጣ። ስንቱን ማታ ፊታቸው ተቀምጣ «እስቲ ‹ልጄ› በይኝ» እያለች ለምናለች። እሳቸው ደግሞ ከንፈራቸውን እያነቃነቁ፣ አልሆነልኝም ብለው ራሳቸውን ሲወዘውዙ! እሷም ሽንት ቤት ገብታ ስታለቅስ! ጄሶው ሳህኑ ውስጥ እንዳለ ድንጋይ ሆነ።

የምትናገረውን ስታወጣና ስታወርድ ቤት ደረሰች። እናትየው እንደ ልማዳቸው በዓይናቸው ሰላም አሏት። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ሥራውን ተቀብያለሁ» አለች። ውሸቷን ነው፤ ገና መልስ አልሰጠችም።

እናትየው ካሜራውን አዩ፣ እሷን አዩ። ከንፈራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ይኼኛው የማስመሰል አልነበረም።

«መቼ ነው የምትሄጂብኝ?» አሏት።

ጥርሴ ልትቆጣቸው ነበር የመጣችው። ድምፃቸውን ስትሰማ ግን ራሷን ጭናቸው ላይ ጥላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። የምትሄድበትን ቀን፣ መሄዷንም ቢሆን፣ ገና ራሷም አላወቀችም።